በብርድ የተለካች ጆሮ

ኅዳር 18

መብራት ስለሄደ በሻማ ነው የምጽፈው። ዛሬ የክፍሌ በር ላይ የነበረው ወረፋ እስከ ደረጃው ደርሶ ነበር። ከሰዓት መብራት እንደሚጠፋ አስቀድሞ ተነግሮናል፤ የጆሮ መመርመሪያው ማሽን ደግሞ ያለ መብራት ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ጠዋቱን ሙሉ እንደ ተባራሪ ስሠራ ዋልኩ።

ከመጡት መሐል አንዷ ከሐሳቤ አልወጣችም። ዓይናዲስ ትባላለች፤ ሦስት ወር አልፏታል። እናቷ ታየችና አባቷ አወቀ የኮሶዬ ገበሬዎች ናቸው፤ ተጋብተው ብዙ ዓመት ከጠበቁ በኋላ ያገኟት የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። እንደተወለደች ገላዋ ክፉኛ ቢጫ ሆኖ ነበርና ጆሮዋ ይታይ ተብላ ወደኔ ተላከች።

ለዚህ ምርመራ ሕፃን መተኛት አለበት። ግንባሩና ከጆሮው ጀርባ ሽቦ ይለጠፍለታል፣ ጆሮው ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ ትገባና ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰጠዋለች። የሚሰማ ጆሮ በነርቩ በኩል ሞገድ ይልካል፤ ማሽኑ ያንን ይስለዋል። የሌሎቹ ልጆች ለቅሶ ራሴን ሲያዞረው ነበር የዋለው፤ ዓይናዲስ ግን ስትገባም ተኝታ ነበር። የዛሬን በረከት እሷ ሰጠችኝ ብዬ ደስ አለኝ። ብቻ ግንባሯ ርጥብ ስለነበር ሽቦው አልይዝ ብሎ አስቸገረኝ። «ለኔ ብለሽ ነው ያጠብሻት?» ብዬ ታየችን ቀለድኩባት። አንገቷን ደፋች። የልጅቷ እግር ይቀዘቅዛል፤ የኔ ክፍል እንደሆነ ምድር ቤት ነው፣ እዚያ ውስጥ ማን ይሞቀዋል።

መስመሩ በሁለቱም ጆሮ ለጥ ያለ ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ ሳደርገው አንዲት ጉብታ የመሰለች ነገር ብቅ አለች፤ ግን ሞገድ ከሚወጣበት ቦታ በጣም ዘግይታ ስለሆነ የማሽኑ ጫጫታ ናት ብዬ ተውኳት።

ደንባችን ከወር በኋላ በድጋሚ ይለካ፣ እስከዚያ ቁርጥ ያለ ነገር አይነገር ይላል። አወቀ ግን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ሲስተር፣ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። አንዱን ይንገሩንና ይቁረጥልን» አለኝ። ልጃችሁ አትሰማም ብዬ ነገርኩት። ከኋላው ወረፋው እየተንጫጫ ነበር። ታየች ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ ፊቷን አየቻት፣ ከዚያ መልሳ አዘለቻት።

ተስፋ አሸክሞ ከማመላለስ እውነቱን መንገር ደግነት ነው። እንዲህ ብዬ ነው የማምነው።

ኅዳር 21

ዛሬ ከጠዳ በመጣች አንዲት እናት ላይ ጮህኩባት። የልጇ ጆሮ መግል ይዞ ሳለ ጸበል አስገብታበታለች። «ወይ ጸበሉን ወይ እኛን ምረጪ» አልኳት፣ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማ። እኔ ጸበል ጠልቼ አይደለም፤ ራሴም እጠመቃለሁ። የታመመ ጆሮ ውስጥ ውኃ አይገባም ለማለት ነው። ስወጣ ከወረፋው አንዷ «ተቆጪዋ መጣች» ስትል ሰማሁ። ትበል። የምቆጣው ለልጆቻቸው ነው።

ኅዳር 27

አወቀ ደውሎ ነበር። ድምፅ የሚያጎላ ማዳመጫ የሚባለው ነገር ለሕፃን ይሆን እንደሁ ጠየቀኝ። ይሆናል፣ ግን በድጋሚ ከተለካች በኋላ ነው አልኩት። ታየች እንዴት ናት ብዬ ጠየቅኩት። ሥራዋን ትሠራለች፣ ብቻ ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቷን አታናግራትም፣ እሹሩሩ እንኳ አትላትም አለኝ። ምነው ሲላት «ለማን ብዬ?» ትለዋለች።

ልጅ አፍም ያያል፣ ፊትም ያነባል፣ ታናግራት በላት አልኩት። እሺ አለ። እንደማይነግራት ከድምፁ አወቅኩ።

ታኅሣሥ 5

ዛሬ የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት ነርስ እጅጋየሁ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ጠራችኝ። እናቱ መንገድ ላይ ሌሊት የወለደችው ልጅ መጥቷል፤ አቢ ብለውታል። ሊሰጠው የታሰበው መድኃኒት ጆሮ ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ ጆሮው እንዲለካ ሐኪሙ አዝዟል። ማሽኑን ተሸክሜ ሄድኩ። ልጁ እንደ ድንጋይ ተኝቷል። ለካሁት፤ ለጥ ያለ መስመር፣ መጨረሻው ላይ ዘግይታ የወጣች ጉብታ። ይሄም አይሰማም ብዬ ሽቦዬን ሰበሰብኩ። እጅጋየሁ ሙቀቱ ሠላሳ ሦስት ላይ ነው እያለች ልጁን ገላልጣ እናቱ ደረት ላይ ታስተኛው ነበር። ለሷ ሥራዋ ነው፤ እኔ አላዳመጥኳትም።

ከምሳ በኋላ የረሳሁትን ገመድ ልወስድ ስመለስ ልጁ እናቱ ደረት ላይ ቀይ ሆኖ፣ ላብ ላብ ብሎት ተኝቷል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማሽኑን አምጥቼ እዚያው በድጋሚ ለካሁት። ሞገዶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጠዋት ዘግይታ ያየኋት ጉብታ ወደ ቦታዋ መጥታ ጉልህ ሆና ቆመች።

ያለሁበት ተቀመጥኩ። ይህን ተምሬዋለሁ። ፈተና ተፈትኜበት ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። ገላ ሲቀዘቅዝ የነርቭ መልእክት ይዘገያል፣ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ይደክማሉ፣ ጤነኛ ጆሮ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልሰው ድምፅም ይጠፋል። ሙቀቱ በወረደ ቁጥር ሞገዱ ይርቃል፣ ይሟሽሻል። የቀዘቀዘ ሕፃን ደግሞ አያለቅስም። ይተኛል።

እጅጋየሁ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት።

ያቺ ርጥብ ግንባር። ያ እግር። ያ በረከት ያልኩት እንቅልፍ።

ታኅሣሥ 6

ለአወቀ ደወልኩ። አይሠራም።

ታኅሣሥ 7

አይሠራም። ኮሶዬ አካባቢ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል አሉ።

ታኅሣሥ 8

ለክፍላችን ኃላፊ ለዶክተር መለሰ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ፣ ከዚያ በድጋሚ ሳትለኪ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ አለኝ። ብርድ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ቢጫ ሆና የነበረች ልጅ በእውነትም መስማት ሊሳናት ይችላል፤ አንዴ አትሰማም ብለሽ ደግሞ ትሰማለች ብለሽ፣ ኋላ አትሰማም ብትሆን ሁለት ጊዜ ትገድያቸዋለሽ አለኝ።

ልክ ነው። ልክ በመሆኑም ቀለል አለኝ።

ታኅሣሥ 14

ክፍሌ ውስጥ ማሞቂያ አስገባሁ፣ ከራሴ ቤት አምጥቼ። ቴርሞሜትርም ገዛሁ። ከእንግዲህ ሙቀቱ ሳይታወቅ የሚለካ ሕፃን የለም።

እናቶቹን ሁሉ ዛሬ ጠዋት ከየት መጣችሁ እላለሁ። ሁሉም «ከቤት» ይላሉ። አንዷ ከቤት ስትለኝ የልጇ ፀጉር ውኃ ያንጠባጥባል። ልቆጣ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እኔም እኮ እጠመቃለሁ አልኳት። ያኔ ነው የነገረችኝ። በደባርቅ መንገድ የሚመጡት፣ ከተማው መግቢያ ላይ ካለችው ጸበል ሳይደርሱ ሐኪም ቤት አይረግጡም፤ ከማሽኑ በፊት ለፈጣሪ ነው። ሌሊት ተነሥተው፣ ልጁን በውርጭ አስነክረው፣ በርጥብ ነጠላ ጠቅልለው በባጃጅ ይመጣሉ። ለሐኪም ግን አይነገርም አለችኝ፤ ይቆጣላ።

የሚቆጣው ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ታኅሣሥ 22

መንገድ ዝግ። ሥራም ቀዝቅዟል። የድሮ ውጤቶችን ሳገላብጥ ዋልኩ። የዓይናዲስን መስመር አውጥቼ ያቺን ጉብታ አየኋት። አሁን ሳያት ሞገድ ናት። ሞገድ መሆኗን ለማወቅ ምን ያህል ማየት ያስፈልግ ነበር?

አንድ ትንፋሽ ያህል። እሱን ነው ያጣሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን እየለቀመች ያለችው ታየች ናት።

ታኅሣሥ 30

በዓሉ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ዛሬ አወቀ ስልክ አነሣ!

እንኳን አደረሰህ ተባባልን። ቤት አይደሉም። ልጅቷን ይዘው ሱባኤ ገብተዋል፤ ገደል ሥር ካለች አንዲት ጸበል፣ በየማለዳው ያስነክሯታል። በዚህ ውርጭ! እንደሱ አታድርጉ፣ ሳንባዋን ይመታታል፣ ከሆነም ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይሁን፣ ታየች ቶሎ ታድርቃት፣ ደረቷ ላይ ታሙቃት አልኩት። በቶሎም ለድጋሚ ምርመራ አምጧት፣ በዚያን ቀን ግን ውኃ እንዳይነካት አልኩት።

«ሲስተር፣ እርስዎ ጸበልን ምነው እንዲህ ጠመዱት?» አለኝ፤ በትሕትና ነው ያለው።

ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ምናልባት ያኔ ተሳስቼ ይሆናል ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዶክተር መለሰ አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ ብሎኛል። መልካም ጾም... በዓል ማለቴ ነው፣ ምን እንዳልኩ እንኳ አላውቅም፣ ዘጋሁት።

ጥር 11

ከተማው በእንግዳ ሞልቷል። ፒያሳ መተላለፊያ የለም። ከበሮው ምድር ቤት ድረስ ይገባል፤ በዚህ ድምፅ ጆሮ መለካት የማይታሰብ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔ ውኃ በተረጨ ቁጥር ስለ ሕፃናት ነው የማስበው፤ ጥምቀትን እንኳ እንደ ሰው ማክበር አቃተኝ።

ጥር 16

መጡ።

ታየች ከስታለች፣ ፊቷ ግን በርቷል። ሳልጠይቃት ነው የጀመረችው። በሱባኤው ማብቂያ ላይ ውሻ ሲጮህ ዓይናዲስ ደንግጣ ዘወር አለች። ከዚያ ወዲህ ለደወልም፣ ለበር ድምፅም ትዞራለች። አወቀ ለቤተ ክርስቲያኑ ጃንጥላ ተስሏል። ታየች ቃሉ አልበቃ እያላት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነው የምትናገረው።

ልጅቷንና እናቷን በማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥኳቸው፣ ጡት አጠባቻት፣ እስክትተኛ ጠበቅኩ። ሙቀቷ ልክ ነው። ለካኋት። ሁለቱም ጆሮ ይሰማል። ሞገዶቹ በየቦታቸው፣ ምንም የሚጎድላቸው የለም። ማየት እስኪያቅተኝ አለቀስኩ።

ታየች እንባዬን ስታይ ልትስመኝ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። «አዩ አይደል፣ እርስዎም አዩልኝ» እያለች። አነሣኋት። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም።

ደስታዋን እንዳልነካባት ነው።

ጥር 17

ዶክተር መለሰ ውጤቱን አይቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በቃ፣ ነገሩ በመልካም አለቀ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ልክ ነው። እናትየዋ ደስ ብሏታል። ልጅቷ ትሰማለች። ማን ተጎዳ?

እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ።

ጥር 21

ማን እንደተጎዳ ዛሬ አየሁ።

በላቸው ይባላል፤ የነታየች ጎረቤት ነው። ልጁ መዝሙር አራት ዓመቱ ነው፤ የሱን ጆሮ በተለያየ ቀን ደጋግሜ ለክቼዋለሁ፣ በእውነት የከበደ ነው። ማዳመጫ ያደረግሁለት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት «አባ» ማለት ጀምሮ በላቸው እዚህ ክፍል ውስጥ እንደ ሕፃን አልቅሷል።

ዛሬ ማዳመጫውን በመሐረብ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ለሌላ ለቸገረው ልጅ ይስጡልኝ አለ። መዝሙርን የታየች ልጅ ወደዳነችበት ጸበል ሊወስደው ነው፤ በብረት ተማምኖ ጸበል መግባት የእምነት ጉድለት ነው ብለውታል። ማዳመጫው ከወጣ ወዲህ ልጁ ማውራት አቁሟል። ንግግሩም በጸበሉ ይመለሳል አለኝ።

አያ በላቸው፣ ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ማዳመጫውንም አይተው፣ ሁለቱ አይጣሉም አልኩት። የመዝሙር ጆሮ ሌላ ነው አልኩት። በትዕግሥት ሰማኝ።

«የታየችንም ልጅ እርስዎ ነዎት አትሰማም ያሉ» አለኝ። «እንግዲህ ሸጋ አድርጋ እየሰማች ነው። ምኑን ልመንዎት?»

መልሱማ ነበረኝ። እስከ እሑድ ድረስ ብቻ ማዳመጫውን ይዞ እንዲቆይ ለመንኩት። ስላመነኝ ሳይሆን እኔን ላለማሳፈር ኪሱ ከተተው።

ጥር 24፣ እሑድ

ለዶክተር መለሰ አልነገርኩትም። ጠዋት መንገዱ ክፍት ነው ሲሉ ሰምቼ በመጀመሪያው ሚኒባስ ኮሶዬ ወጣሁ። ነፋሱ ፊት ይልጣል። በእንዲህ ያለ አገር ሕፃን በማለዳ ውኃ ውስጥ ሲገባ እያሰብኩ ነው የሄድኩት።

እነ ታየችን ከቤታቸው ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ አገኘኋቸው። ደስ አላቸው፤ ምን እናቅርብልዎ፣ የት እናስቀምጥዎ ሆነ። ጠላ ቀረበልኝ። ከቀመስኩት መናገር እንደሚያቅተኝ ስላወቅሁ አልነካሁትም። ታየች ልጅቷን ታቅፋለች፤ ልጅቷ እኔ ስናገር ወደኔ ትዞራለች። ከመናገሬ በፊት ያዳከመኝ እሱ ነው።

ዓይናዲስ ከመጀመሪያውም ትሰማ ነበር አልኳቸው። በዚያን ጠዋት ገላዋ ቀዝቅዞ ነበር፤ የቀዘቀዘ ጆሮ ቢሰማም መልሱ ይዘገያል፣ ይደክማል፤ ማሽኑ ያንን አሳይቶኝ ነበር፣ እኔ ቸኩዬ ጫጫታ ነው ብዬ ተውኩት። ሁለተኛ ሳልለካ መናገር አልነበረብኝም፣ ተናገርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የናንተም አይደለም፣ የጸበሉም አይደለም አልኩ።

አወቀ ያን ቀን በማለዳ አስነክረናት ነው የመጣን፣ ብትጠይቂንም አንነግርሽም ነበር አለ። አንቱታው ቀርቷል። ከዚያ፣ ልጄን ደህና አድርጎ የሰጠኝ ያው ፈጣሪ ነው፣ ጃንጥላው አይቀርም አለ። ስለ በላቸው ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ። ልጁ በኛ ምክንያት ዝም ብሎ እንዳይቀር፣ እኔው ሄጄ እነግረዋለሁ ብሎ በትሩን አንሥቶ ወጣ። ተቆጥቶ ነበር። በማን ላይ እንደተቆጣ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ታየችና እኔ ቀረን።

«ያኔም እኮ ትደነግጥ ነበር» አለችኝ። «ማሰሮ ሲወድቅ። አያለሁ። ኋላ አንቺ አትሰማም ስትይ፣ ምኞቴ ነው ብዬ ዓይኔን አላመንኩትም።»

ይቅርታ አልኳት። የሰማችኝ አልመሰለኝም። ልጅቷን ነበር የምታየው።

«እንግዲያ ሰምታኛለች» አለች።

ምኑን አልኳት።

«ሌሊት ሌሊት ሳጠባት። አትሰማም ብዬ እኮ ነው። ፈጣሪን፣ እንዲህ አድርገህ ከምትሰጠኝ መልሰህ ውሰዳት እለው ነበር። በጆሮዋ ላይ።»

ሕፃን ናት፣ ቃሉን አታውቀውም አልኳት። ይህ እውነት ስለሆነ ቶሎ ወጣልኝ።

«ድምፄንስ?»

ልዋሻት ፈለግሁ። በዚህ በጋ ሙሉ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም። ግን የመጣሁት ለምን ነበር?

«ድምፅሽን ታውቀዋለች» አልኳት።

አላለቀሰችም። ራሷን ነቀነቀች፣ እንደ ተረዳ ሰው። በኛ አገር እንግዳ እስከ አጥሩ ሳይሸኝ አይለቀቅም፤ ታየች ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። እኔም ደህና ሁኚ ብዬ ብቻዬን ወጣሁ።

አጥሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ታየች አፏን ልጅቷ ጆሮ ላይ አድርጋ ታወራለች፤ ቀስ ብላ፣ ሳታቋርጥ፣ ብዙ የተጠራቀመ ነገር እንዳለባት ሰው። ዓይናዲስ አትንቀሳቀስም። ምን እንደምትላት አልተሰማኝም። ለኔ አልነበረም፤ መንገዴን ቀጠልኩ።